ለመምህር ግርማ የመረጥኩት ዩፒኤስ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሱቃችን የነበረበት ሕንፃ ፈርሶ ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ሰዉ ግን እኔን ሲያይ አሁንም ካቻቢቴ በኪሴ ይዤ የምዞር ይመስለዋል። ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶዬን ገና ሳማስል አንዱ ወንበሩን ስቦ ይጠጋኝና «ጋሽ ሙሌ፣ ለቤት ኮምፒውተር የቱን ዩፒኤስ ልግዛ?» ይለኛል። ዩፒኤስ ያው መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ በድንገት እንዳይጠፋ በሆዱ በያዘው ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ሳጥን ነው። መጠኑ የጫማ ካርቶን ያህላል፤ ሲያነሱት ግን ወገብ ይፈትናል። ሃያ አምስት ዓመት ያህል እሱን ስመርጥ፣ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ።

ለጠያቂዬ ከመመለሴ በፊት እኔም እጠይቀዋለሁ። «መብራት ሲሄድ በምን ታውቃለህ?» እለዋለሁ። ይስቃል። አንዳንዱማ «ጋሼ፣ ጡረታው ከበደዎት መሰለኝ» ብሎ ያሾፍብኛል። የአራዳ ልጅ ሽማግሌ ላይ ማሾፍ መብቱ ነው፤ እኔም በጊዜዬ አሹፌያለሁ። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ሳልጠይቀው ቀርቼ ያደረስኩትን ጥፋት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ስለ እሱ ልናገር ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አለቃዬ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንዲት ፊውዝ ለመቀየር ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ፊርማው ተሟልቶ እስኪመጣ ዕቃውን ያስመዘገበው ሠራተኛ ወይ ተዛውሯል ወይ ጡረታ ወጥቷል። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ታይፕራይተር ሲፈታ እያንዳንዷን ብሎን በተፈታችበት ተራ ጋዜጣ ላይ መደርደር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደመወዙ ከወሩ እኩሌታ አያልፍም። እንዲህ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ አንድ ቀን የተቃጠለ ስታብላይዘር ውጭ ላሠራ ተልኬ ወደ ውቤ በረሃ ወረድኩ፤ እዚያ ነው ጋሽ በቀለን ያገኘኋቸው።

የጋሽ በቀለ ሱቅ በሁለት መጠጥ ቤቶች መሀል የተቀረቀረች ጠባብ ክፍል ነበረች። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ አንድ ብርሌ ጠጅ እንኳ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ማጉያቸውና ቴፓቸው በተበላሸ ቁጥር ግን እሳቸው ዘንድ ይሮጣሉ። «ጋሽ በቀለ ጠዋት ይጸልዩብናል፣ ከሰዓት ሙዚቃችንን ያስጮሁልናል» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸውም መዝሙራቸውን እያንጎራጎሩ ያበጁታል። ያን ቀን ስታብላይዘሩን ተቀበሉኝና መልሰው ፊቴ አስቀመጡት። «እኔ ብሠራው አንተ የምታውቀው ነገር የለም። ራስህ ፍታው፣ እኔ አይሃለሁ» አሉኝ። ፈታሁት። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። በሁለተኛው ወር መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ከእሳቸው ጋር ገባሁ። እናቴ «የመንግሥት እንጀራ ረግጦ የመጠጥ ቤት ጎረቤት ሆነ» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ጋሽ በቀለ ዕቃ ሲመርጡ መቆም ራሱ ትምህርት ነበር። ኮምፒውተር በየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ መብራቱም እንዳሻው ሲሄድ ሲመጣ፣ ዩፒኤስ ዋና ሥራችን ሆነ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ካርቶኑን አይከፍቱትም፤ ያነሱታል። ቀለል ካላቸው «ይሄ ጾሞ ነው የመጣው» ይላሉ፤ ባትሪው ትንሽ ነው ማለታቸው ነው። ቀጥለው በካርቶኑ ፊት በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑታል። «ይሄ የሻጩ ቁጥር ነው፤ የገዢው ከኋላ ነው ያለው» ብለው አዙረው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋት ያሳዩኛል። እውነታቸውን ነው፤ ፊቱ ላይ ስድስት መቶ ሃምሳ የሚል ዕቃ ከኋላው ሦስት መቶ ስልሳ ዋት ሆኖ ይገኛል። የሚሰካው ሁሉ ተደምሮ ከዚያም ከሁለት ሦስተኛው እንዲያልፍ አይፈልጉም። ካውያ ወይም ምድጃ የሰካበት ደንበኛ ካለ ደግሞ ዋስትናውም ምርቃታቸውም አበቃ።

ከዚያ ተራው የአምፖሎቹ ነው። አንድ ጣውላ ላይ የደረደሯቸው የድሮ ባለ ስልሳ ሻማ አምፖሎች አሏቸው። ሁለቱን ዩፒኤሱ ላይ ያበሩና ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው የእጅ ሰዓታቸውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ። አምፖሎቹ አሥር ደቂቃ ሳይደበዝዙ ካልቆዩ ዕቃው ወደ አስመጪው ይመለሳል። መጋዘን ውስጥ ዓመት የተኛ ባትሪ አዲስ አይባልም ባይ ናቸው። ደንበኛው ቸኩሎ «ኧረ ጋሽ በቀለ፣ ታክሲ ይዤ ነው» ቢላቸው ወንበር ያቀርቡለታል። ታክሲው ይሄዳል እንጂ ዕቃው ሳይፈተን አይወጣም።

ደንበኛውን ግን ከዕቃውም በላይ ይመረምሩታል። ስንት ሰዓት እንዲይዝልህ ትፈልጋለህ አይሉም። «መብራት ሲሄድ የጀመርከውን ለመቋጨት ስንት ደቂቃ ይበቃሃል?» ነው ጥያቄያቸው። ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ይመኛል። እሳቸው «ይሄ የመንገድ ስንቅ ነው፤ የወር ቀለብ አታድርገው» ብለው ያስረዱታል። ከዚያ ቤቱ ድረስ ይሄዱና ሶኬቱን በቴስተር ይለካሉ። በአራዳ አሮጌ ግቢዎች አንድ ቆጣሪ አራት አምስት ቤት ያበራል። ጎረቤቱ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ ኃይሉ ቁልቁል የሚወርድበት ቤት ከሆነ፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ራሱ የሚያስተካክለውን ዓይነት ያዛሉ።

ገጥመው ሲጨርሱም ወዲያው አይሄዱም። እኔን ወደ ቆጣሪው ልከው መብራቱን ያስጠፉኛል፤ እሳቸው ባለቤቱ አጠገብ ይቆማሉ። ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ አይደለም። «ማሽኑ እንደሚሠራ ሱቅ አይተነዋል። እዚህ የምታየው ሰውየውን ነው» ይሉኝ ነበር። ደነገጠ? እጁ ምን ላይ ቀድሞ አረፈ? የሚጮኸውን ሰምቶ ምን እንደሆነ ገባው? ይህን አይተው ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው ከጎን ያኖሩበት ቤት አለ፤ ልጆቹን ሰብስበው የትኛው ቁልፍ እንደማይነካ ያስተማሩበት ቤትም አለ። እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ይህን ስናገር አላጋነንኩም።

መምህር ግርማ ወደ ሱቃችን የመጣው ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። አፍንጮ በር አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ቀን ያስተምራል፣ በተረፈው ጊዜ ስድስት ኪሎ ለሁለተኛ ዲግሪው የታሪክ ጥናት ይጽፋል። ጥናቱ በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ሲሠሩ ስለኖሩ ሦስት አዛውንት ነበር፤ አንዱ ሰዓት ሠሪ፣ አንዱ አናጺ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ። በትንሽ መቅረጫ ድምፃቸውን ይቀርጽና ቤቱ ገብቶ እያዳመጠ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። የጻፈውን ኮምፒውተሩ ድምፅ እያወጣ ያነብለታል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ያን ሳምንት ጋሽ በቀለ ለለቅሶ ወለጋ ሄደው ነበር፤ ሥራው የብቻዬ ሆነ። ደስ ብሎኝም ነበር።

«ምን ምን ይሰኩበታል?» አልኩት።

«አንተ በለኝ፣ በዕድሜ ትበልጠኛለህ መሰለኝ፤ ድምፅህ የጋሼ ድምፅ ነው» አለኝ። «ኮምፒውተሩና ድምፅ ማጉያው ብቻ ናቸው። ስክሪን የለኝም፤ ምን ያደርግልኛል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ስክሪን ከሌለ ባትሪው ረጅም ይቆያል። ባለ ስድስት መቶ ሃምሳውን መረጥኩለት። አነሣሁት፣ አምፖል ላይ ፈተንኩት፣ ቤቱ ሄጄ ሶኬቱን ለካሁ። ድምፅ ማጉያውንም ባትሪው ላይ ሰካሁለት፤ መብራት ሲሄድ ንባቡ እንዳይቋረጥበት ብዬ። ይህን ሳደርግ በልቤ ራሴን «ጎሽ ሙሌ» ብዬዋለሁ።

ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኻል። የመምህር ግርማን ክፍል ከጎረቤቱ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ከጣውላው ማዶ አራስ ነበረች። በእኛ ሠፈር አራስ የሚረብሽ ዕቃ ገጥሞ መሄድ ነውር ነው። ለብዙ ደንበኛ እንዳደረግሁት ሳጥኑን ከፍቼ ድምፅ የምታወጣዋን ቁራጭ አንድ እግሯን በፒንሳ ቆረጥኩና አፈንኳት። ለአራሷ ስነግራት ከጣውላው ማዶ «ተባረክ፣ እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። ምርቃቴን ይዤ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

መብራቱን አስጠፍቼ መምህር ግርማን ማየት ነበረብኝ። አላደረግሁትም። ሻይ አፍልቶ፣ ስኳሩንና ማንኪያውን በእጁ እየዳበሰ አቅርቦልኝ ነበር። ይህን ሰው ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ ልፈትንህ ማለት ከበደኝ። አዘንኩለት። ማዘኔ ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ሥራዬን በግማሹ ጥዬ እንድሄድ ያደረገኝ ግን እሱ ነው።

ሁለት ወር ያህል ደህና ሠራ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ጋሽ ሙሌ፣ ኮምፒውተሩ በድንገት ዝም አለብኝ። ጎረቤት ብጠይቅ መብራት ከሄደ ግማሽ ሰዓት አልፎታል አሉኝ» አለ መምህር ግርማ። አፍንጮ በር እስክደርስ በታክሲው ውስጥ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔና እናንተ መብራት ሲሄድ አምፖሉ ይጠፋብናል። ለእሱ አምፖል ምኑም አይደለም፤ ዱሮ መብራት መሄዱን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ዝም ሲልበት ነው። እኔ ኮምፒውተሩ ዝም እንዳይል አደረግሁ፣ ድምፅ ማጉያውንም ባትሪ ላይ ሰካሁ፣ የሚጮኸውንም አፈንኩ። መብራት እንዳለ እየመሰለው ባትሪው እስኪያልቅ ሲጽፍ ቆየ።

ማሽኑ የጠፋው ጽሑፉን እያስቀመጠ ሳለ ነው። መብራት ሲመለስ ፋይሉ አልከፈት አለ። ሦስቱም ቃለ መጠይቆች እዚያ ውስጥ ነበሩ። በፍላሽ የያዘውን ቅጂ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሊያሳትም ጽሑፍ ቤት ሰጥቶት ቫይረስ በልቶታል። መቅረጫው ብዙ ስለማይዝ የአንዱን አዛውንት ቃል ጽፎ ሲጨርስ ድምፁን አጥፍቶ ነበር ሌላውን የሚቀርጸው። ሰዓት ሠሪውና አናጺው በሕይወት አሉ። ልብስ ሰፊው ግን ከተቀበሩ ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ጥናቱን ለማስረከብ የቀረው ጊዜ ሁለት ወር ነው።

«ምን ሆኖ ነው ጋሽ ሙሌ?» አለኝ።

«ባትሪው ሰንፎ ነው መሰለኝ» አልኩት።

ዋሸሁት። ባትሪው ሃያ አምስት ደቂቃ ተሸክሞታል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም ነበር። ዲስኩን ሱቅ ወስጄ ሦስት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ ያወጣሁት አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ አሥራ አንዱም ማንም በማያነበው ምልክትና ባዶ ሳጥን የተሞላ።

ጋሽ በቀለ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለእሳቸውም ያንኑ የባትሪ ሰበብ ነገርኳቸው። ዩፒኤሱን አስመጥተው ሁለቱን አምፖሎች ሰኩበት፣ ገመዱን ነቀሉ፣ ሰዓታቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ፊት ለፊት ተቀመጥን። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ አምፖሎቹ እንደበሩ ናቸው።

«ባትሪው ምንም አልሆነም» አሉ። ከዚያ «ለምን አይጮኽም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጎረቤት አራስ ነበረች» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። የሱቁን በር ገርበብ አደረጉ፣ ሽርጣቸውን ፈቱ፣ በሽርጡ ዓይኔን አሰሩኝና ከዚያው ዩፒኤስ ጋር ያገናኙት የሱቁ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። «ጻፍ» አሉኝ። «ምን ልጻፍ?» ስላቸው «ደስ ያለህን፤ የዘመዶችህን ስም ጻፍ» አሉ። ከእናቴ ጀምሬ የአጎቶቼን፣ የአክስቶቼን ስም እየዳበስኩ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ በጆሮዬ ሥር ያጉረመርማል። እሳቸው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይሰማኛል።

«ሙሉጌታ፣ አሁን መብራት አለ የለም?» አሉኝ።

«አለ።»

ሽርጡን ሲፈቱልኝ የሱቁን አምፖል አጥፍተዋል፤ ከግድግዳው የነቀሉት የዩፒኤሱ ገመድም በእጃቸው ነበር። አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እስክረጋጋ ጠበቁኝና «ይሄን ለእኔ አትንገረኝ፤ ባለቤቱ ሌላ ነው» አሉኝ። የምሥራች በስልክ ይነገራል፣ ጥፋት ግን በእግር ሄዶ ነው የሚነገረው የሚሉ ሰው ነበሩ። በዚያው ሱቁን ዘግተን በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አፍንጮ በር ሽቅብ ወጣን።

ለመምህር ግርማ ሁሉንም ነገርኩት፤ የቆረጥኩትን፣ ያልፈተንኩትን፣ የዋሸሁትንም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። «እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ቀን ባትሪውን ስረግም ነበር» አለ መጨረሻ ላይ። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተወው። «ሁለቱን እንደገና እጠይቃለሁ። ልብስ ሰፊው ግን አይመለሱም ጋሽ ሙሌ።»

«አይመለሱም» አልኩት።

ጋሽ በቀለ ከወንበራቸው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ቤትህ ውስጥ አንድ ነገር መለወጡን አንተ በምን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ከሁለት ወር በፊት እኔ ልጠይቀው የሚገባኝ ይህ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ከባትሪው ነቅለን ግድግዳው ላይ ብንሰካው መብራት ሲሄድ ዝም ይላል አልኩ እኔ። መምህር ግርማ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ዝም ካለኝ ጽሑፉ መቀመጡን አለመቀመጡን በምን አውቃለሁ? ጩኸቱንም አልፈልገውም፤ ሕፃኑ አሁንም ትንሽ ነው» አለ። ከዚያ ጥቂት አሰበና «በሩ ተከፍቶ ከሆነ ሳልነሣ አውቃለሁ። ነፋሱ እጄን ይነካኛል» አለ።

ጋሽ በቀለ «ነፋስ» አሉና ተነሡ። በማግስቱ ከሞተ ኮምፒውተር የወጣች መዳፍ የምታህል ማራገቢያ ይዘው መጡ። ከአሮጌ የሬዲዮ አዳፕተር ጋር አገናኙዋትና አዳፕተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሰኩት፤ ባትሪው አያውቃትም። ከቁልፍ ሰሌዳው በስተግራ ተቀምጣ የመምህር ግርማን የግራ እጅ ጀርባ ትነፍሳለች። መብራት ካለ ነፋስ አለ፣ መብራት ከሄደ ነፋሱ ይቆማል። ድምፅ አታሰማ፣ አራስ አትረብሽ።

ወደ ቆጣሪው ልሄድ ስነሣ ጋሽ በቀለ ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ። «ዛሬ የማጠፋው እኔ ነኝ። አንተ ሰውየውን እይ» አሉኝና ወጡ። መምህር ግርማ ይጽፋል። እጆቹን እያየሁ ቆምኩ። ድንገት ግራ እጁ ቆመ፣ ጣቶቹ ሁለት ቁልፍ ተጫኑ፣ ኮምፒውተሩም መቀመጡን ነገረው። «ሄደ» አለ። ደስታው ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር አላየሁም።

እዚህ ላይ ማኪያቶዬን ሳልጠጣ ለሚጠይቁኝ ሰዎች መልሱን ልስጥ። ዛሬ ዕቃው ተሻሽሏል። በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱ ሥራውን አስቀምጦ የሚያጠፋ አለ፤ ጨመር አድርጋችሁ እሱን ውሰዱ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ለኢንተርኔቷ ሳጥን ብቻ የምትሆን ትንሿ ትበቃዋለች። ባትሪውን ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ቀይሩት፣ የቀየራችሁበትንም ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት። መጀመሪያ ሲገዛ አንድ ቀን ሙሉ ሰክታችሁ አጥግቡት። ከሁሉ በፊት ግን መብራት ሲሄድ በምን እንደምታውቁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል።

ወደ መምህር ግርማ ልመለስ። በእነዚያ ሁለት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ወደ ሰዓት ሠሪውና ወደ አናጺው ቤት እሄድ ነበር። አዛውንቶቹ ሁለተኛ መጠየቃቸውን አልጠሉትም፤ ሰዓት ሠሪው እንዲያውም «የፊተኛው ላይ የረሳሁት ነበር» ብለው ሌላ አንድ ሰዓት ጨመሩልን። መምህር ግርማ የጻፈውን በየሳምንቱ ሱቅ ያመጣል፣ አንዱን ቅጂ እኛ ኮምፒውተር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ አንዱን ጋሽ በቀለ ቤታቸው ይወስዱታል። ለልብስ ሰፊው የተወላቸው አንድ ገጽ ነው። ስማቸውን፣ ሙያቸውንና ቃላቸው በጸሐፊው እጅ መጥፋቱን ብቻ ጻፈበት። ትዝ የሚለውን እንዲሞላበት ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። «የሰው ቃል እንደመሰለኝ አልጽፍም» አለ።

ጥናቱን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ቀን እኔና ጋሽ በቀለ ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን ከኋላ ተቀመጥን። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹን ነው የተከታተልኩት። አንዱ ፈታኝ ያችን አንድ ገጽ ከፍቶ ስለ እሷ ሲጠይቀው ግን ገባኝ። መምህር ግርማ «ጥፋቱ የእኔ የራሴ ነው» ብሎ መለሰ። አላስቻለኝም፤ ብድግ አልኩና በአማርኛ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዕቃውን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ታዳሚ መናገር እንደማይችል በትሕትና ነገሩኝ። መምህር ግርማ ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰ። «ድምፃቸውን ሌላ ቦታ ሳላስቀምጥ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያንን ማንም አልገጠመልኝም» አለ። ጋሽ በቀለ ኮቴን ስበው አስቀመጡኝ። ጥናቱ በጥሩ ውጤት አለፈ።

ጋሽ በቀለ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ግን ስድስት ኪሎ በር ላይ መርቀውን በታክሲ ሄዱ፤ እኔና መምህር ግርማ በእግራችን ቁልቁል ወረድን። ክርኔን ይዞ ነው የሚሄደው። አፍንጮ በርን ሳናልፍ ቆም አለ።

«ጋሽ ሙሌ፣ ልብስ ሰፊው ካጫወቱኝ አንዱን ልንገርህ። ጥናት ውስጥ አይገባም። ግን እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ የሚያመጣውን አይተናል» አለኝ።

እየሄድን ነገረኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ መልሼ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ሁለት ቦታ ላይ አረመኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስነግረው አላረመኝም። «በል አሁን ሁለት ቦታ አለ» አለ።

አሁን እኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ስም እረሳለሁ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ እፈልገዋለሁ። ስለዚህ ሦስተኛ ቦታ ላይ ላስቀምጠው። ልብስ ሰፊው አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር። ቃል በቃል ነው አልልም፤ ለእኔ የደረሰኝ እንዲህ ነው።

«እኔ ልብስ ስቆርጥ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ጨርቅ እተዋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ቢጠራቀም የልጅ ቁምጣ ይወጣዋል ይሉኛል። እኔ ግን ሰው እንደ ተለካ አይቀርም ብዬ ነው። አንድ ጎረምሳ ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ሰፋሁለት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ታሞ፣ በጣም ከስቶ መጣ። አጠበብኩለት፣ ጨርቁን ግን አልቆረጥኩትም። ‹ጋሽ ደምሴ፣ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል፣ ቆርጠው ይጠቀሙበት› አለኝ። ተው፣ ትመለስበታለህ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት አላየሁትም፤ ሞቷል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ቀና ስል በሬ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ልብሱን በክንዱ ይዞ ቆሟል። ‹ጋሽ ደምሴ፣ ያቺን ጨርቅ ልወስድ መጣሁ› አለኝ።»